ማፍላት የማያድነው ውሃ

በደምበል (ዝዋይ) ሐይቅ ዳር ባለ አንድ ግቢ ውስጥ አራት ዓይነት ውሃ ሊኖር ይችላል፤ ከሐይቁ የተቀዳ፣ ከእጅ ጉድጓድ የወጣ፣ ከቦኖ በጀሪካን የመጣ፣ ክረምት ላይ ደግሞ ከቆርቆሮ የወረደ። ብርጭቆ ውስጥ ሲቀዱ አራቱም ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ችግራቸው ግን ለየቅል ነው፤ መፍትሔያቸውም እንደዚያው። በየቤቱ የሚሰማው አነጋገር "አፍልቼዋለሁ፣ ምን ይሆናል?" የሚል ነው። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ እዚያ ላይ ክርክር የለም። ፍሎራይድን ግን አይነካም፣ የአልጌን መርዝ አያጠፋም፣ ቀድሞ የተባይ ኬሚካል ከነበረበት ጀሪካን የወጣውንም አያስወግድም። ስለዚህ ምን እንደምናደርግ ከመወሰናችን በፊት ውሃው ከየት እንደመጣና ምን እንደያዘ ማወቅ አለብን።

ፍሎራይድ፦ የማይታየው፣ የማይሸተው

የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በእሳተ ገሞራ ድንጋይና አመድ መካከል እያለፈ ፍሎራይድ ያሟሟል። ውሃው ካልሲየም የበዛበት ቢሆን ኖሮ ካልሲየሙ ፍሎራይዱን ይዞ ዝቃጭ ያደርገው ነበር። እዚህ ግን ውሃው ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰው ነው፤ ፍሎራይዱ የሚይዘው አጥቶ እንደሟሟ ይቀራል። አንድ ምልክት አለ፦ ሳሙና በቀላሉ የሚያረፋ፣ ሲነኩት ትንሽ የሚያሙለጨልጭ የጉድጓድ ውሃ ካልሲየም ያነሰው ነው። የልብስ አጣቢ ምርጫ የሆነው ጉድጓድ ለመጠጥ የከፋው ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህ ግን ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ማስረጃው ምርመራ ብቻ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ጥርስ ገና በድድ ውስጥ እየተሠራ ያለ ልጅ ጥርሱ ነጭ ጠቃጠቆ፣ ከዚያም ቡናማ ይሆናል። ከ3 እስከ 6 ሚሊግራም ያለውን ለዓመታት የጠጣ ሰው አጥንቱና መገጣጠሚያው መጎዳት ይጀምራል። ከ10 ሲያልፍ ደግሞ ጀርባ እስከማጉበጥና መራመድ እስከመከልከል ይደርሳል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከ10 የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። ወንጂ ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ናት። የስኳር ፋብሪካው በ1954 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር ሠራተኛው ከጉድጓድ ይጠጣ ነበር፤ ጉዳቱ በአጥንት ላይ ወጥቶ የታየው ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ፍሎራይድ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። ዛሬ ጠጥቶ ነገ የሚታመም ሰው ስለሌለ ጉድጓዱን የሚጠረጥር ሰው አይኖርም።

ማፍላት እዚህ ላይ ያባብሳል እንጂ አይረዳም። በሊትር 5 ሚሊግራም ያለው 4 ሊትር ውሃ ፈልቶ ፈልቶ 3 ሊትር ቢቀር ፍሎራይዱ ወደ 6.7 ይወጣል፤ የሚተነው ውሃው ብቻ ነውና። ድስት ላይ ብዙ የሚቆይ ወጥም እንደዚሁ ነው። የሻይ ቅጠል ራሱ ፍሎራይድ ስላለው በዚህ ውሃ የፈላ ሻይ ድርብ ይሆናል። ስለዚህ የመጠጡን ብቻ ቀይሮ የወጡን፣ የሻዩንና የአጥሚቱን ውሃ እንደነበረ መተው ግማሽ ሥራ ነው።

ጥልቅ ጉድጓድ ሁልጊዜ የተሻለ ነው የሚለው እምነትም እዚህ አካባቢ አይሠራም። ጠልቆ የወጣ፣ በተለይም ለብ ያለ ውሃ፣ ከድንጋዩ ጋር ረጅም ጊዜ ስለቆየ ብዙ ጊዜ የባሰ ነው። በመቶ ሜትር የሚራራቁ ሁለት ጉድጓዶች ውጤታቸው ሊለያይ ስለሚችል የጎረቤት ምርመራ ለእናንተ አይሆንም። ናሙና ስትወስዱ ጠርሙሱ ፕላስቲክ ይሁን፤ ፍሎራይድ ከብርጭቆ ጋር ስለሚዋሃድ ውጤቱን ያዛባል። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ንጹሕ ሃይላንድ በራሱ በሚመረመረው ውሃ ሦስት ጊዜ ተለቅልቆ ይሞላል። ፓምፕ ከሆነ መጀመሪያ የቆመው ውሃ እስኪወጣ አምስት ደቂቃ ያህል ይፍሰስ። ጠርሙሱ ላይ ጉድጓዱና ቀኑ ይጻፍ። ላቦራቶሪው ስለ ጀርም ብቻ መርምሮ "ንጹሕ ነው" ሊል ስለሚችል ፍሎራይድ እንዲለካ በስሙ ጠይቁ።

ስለ ሐይቁ አንድ ነገር ልጨምር። የደምበል ውሃ ከአካባቢው ብዙ ጉድጓዶች ያነሰ ፍሎራይድ አለው። መቂና ከታር ከደጋው ውሃ ያመጡለታል፣ በቡልቡላ በኩል ደግሞ ወደ አቢጃታ ይፈስሳል። መውጫ ያለው ሐይቅ ጨው አያጠራቅምም። ሻላና አቢጃታ መውጫ ስለሌላቸው ፀሐይ ውሃውን ስትወስድ ጨዉና ፍሎራይዱ እዚያው ይቀራሉ፤ የእነሱ ውሃ በምንም ዘዴ የቤት መጠጥ አይሆንም።

ከቆርቆሮ የሚወርደው

ዝናብ ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል። ለዚህ አካባቢ ከሁሉ የሚሻለው የመጠጥ ውሃ ጣሪያ ላይ ነው ብል ማጋነን አይደለም። ስሌቱ ቀላል ነው፦ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ነው። በሚረጨውና በሚተነው ምክንያት 20 በመቶውን ተዉት። ዝዋይ አካባቢ በዓመት 700 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ እንግዲህ 22,000 ሊትር ያህል ይሰጣል። አምስት ሰው ያለበት ቤት ለመጠጥና ለማብሰያ በቀን 25 ሊትር፣ በዓመት 9,000 ሊትር ገደማ ይበቃዋል። ጣሪያው ከበቂ በላይ ነው።

የሚያንሰው ማጠራቀሚያው ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ጊዜ 150 ቀን ቢሆን 3,750 ሊትር ይፈልጋል፤ ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ማለት ነው። ገንዘቡ ለባለ 1,000 ብቻ የሚበቃ ከሆነ ውሃውን ለሁሉም እኩል አታከፋፍሉት። ዕድሜያቸው ከ8 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ብቻ ይሁን፤ የቋሚ ጥርስ ልባስ የሚሠራው በዚያ ዕድሜ ነው። ሁለት ልጆች በቀን 6 ሊትር ቢፈልጉ 150 ቀን 900 ሊትር ነው፤ ሮቶው ይደርሳል። የሚጠባ ሕፃን አያሳስብ፤ እናቲቱ የጉድጓድ ውሃ ብትጠጣም ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው ፍሎራይድ እጅግ ጥቂት ነው። የዱቄት ወተት የሚበጠበጥለት ሕፃን ግን ከሁሉም በፊት የዝናቡን ውሃ ያግኝ።

አሸንዳው በየሜትሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ መሄድ አለበት። ካልሆነ ውሃ ይቋጥራል፣ ትንኝ ይራባበታል፤ ዝዋይ ደግሞ የወባ አገር ነው። የመጀመሪያው ዝናብ የወራት አቧራ፣ የወፍ ኩስና ቅጠል ይዞ ስለሚወርድ መጣል አለበት። መጠኑ ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው፤ ለ40 ካሬ ሜትር ከ20 እስከ 40 ሊትር። የማውረጃው ቱቦ ወደ ሮቶው ከመታጠፉ በፊት ቲ (ሦስት አፍ ያለው መገጣጠሚያ) ይገጠምለትና ወደ ታች የሚወርድ ጫፉ የተደፈነ ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይቀጠልበት። አንድ ሜትሩ 8.5 ሊትር ያህል ስለሚይዝ 3 ሜትር 25 ሊትር ይሆናል። ቆሻሻው ያን ሞልቶ ሲያበቃ ንጹሑ አልፎ ወደ ሮቶው ይሄዳል። የዚህ ቱቦ የታችኛው ክዳን ላይ በ3 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ አንድ ቀዳዳ ይበሳ፤ ቀስ እያለ አንጠባጥቦ ለሚቀጥለው ዝናብ ራሱን ባዶ ያደርጋል። ይህች ቀዳዳ በቅጠል ስትደፈን ቱቦው እንደሞላ ይቀራል፣ ቀጣዩ ዝናብ ቆሻሻውን በቀጥታ ሮቶ ውስጥ ይከተዋል። ብዙ ቦታ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ በየሳምንቱ ክዳኑን ፈትቶ ማጠብ ነው። የሮቶው መግቢያና ትርፉ መውጫ በደቃቅ ወንፊት ሽቦ ይሸፈን። ጣሪያው ቀለም የተቀባ ከሆነ እርሳስ ያለበት ቀለም አለመሆኑን አረጋግጡ።

የሮቶውን ክብደት የሚያስብ ጥቂት ነው። 2,000 ሊትር ውሃ 2 ቶን ነው፤ አንድ ፒካፕ መኪና ከእንጨት ቋሚ ላይ እንደማውጣት ያህል ነው ቢባል ብዙም አልተጋነነም። መቆሚያው ኮንክሪት ወይም በአግባቡ የተበየደ ብረት ይሁን፤ የሮቶው መቀመጫ ሙሉ በሙሉ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ይረፍ። ሦስት አግዳሚ እንጨት ላይ ብቻ ከተቀመጠ መሃሉ ይሰረጉዳል፣ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ከሥሩ ልጆች የሚጫወቱበት ጥላ አይሁን።

ፍሎራይድን ማውጣት ይቻላል፣ ግን

ገበያ ላይ ያለው የሸክላ ሻማ ማጣሪያና በከሰል የተሞላው ካርትሪጅ ፍሎራይድ አያወጡም። "ሁሉንም ያጣራል" ቢባል ስለ ፍሎራይድ የተጻፈ ቁጥር ጠይቁ፤ ከሌለ አያወጣም ማለት ነው። የሚያወጣው በግፊት የሚሠራው ሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ የአጥንት ከሰልና አልም የሚባለውን ውሃ የሚያጠራ ጨው ከኖራ ጋር የሚጠቀመው ዘዴ ነው። የመጀመሪያው በደንብ ያወጣል፤ ነገር ግን መብራትና የማይቋረጥ ግፊት ይፈልጋል፣ ከሚያስገባው ውሃም ጥሩ ድርሻውን ይጥላል።

የአጥንት ከሰል የሚሠራው አየር በሌለበት ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴልሺየስ ተቃጥሎ ከተፈጨ የከብት አጥንት ነው። ያልበሰለው ውሃውን ያሸተዋል፣ ጣዕሙንም ያበላሸዋል፤ ከመጠን በላይ ተቃጥሎ የነጣው ደግሞ የመያዝ አቅሙ ይወርዳል። ጥቁር ወደ ግራጫ ያዘነበለ ነው ጥሩው። ችግሩ ሲጠግብ አይናገርም፤ ጣዕሙም ቀለሙም ሳይለወጥ ፍሎራይዱ ማለፍ ይጀምራል። በየሁለት ሦስት ወሩ የማይለካ የአጥንት ማጣሪያ ማጽናኛ እንጂ ማጣሪያ አይደለም። በነገራችን ላይ የማን አጥንት እንደሆነ፣ በጾም ጊዜስ ይጠጣል ወይ ብለው የሚጠይቁ አሉ፤ ጥያቄውን ከመናቅ መጀመሪያውኑ በግልጽ መመለስ ይሻላል፤ አለዚያ ማጣሪያው ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ ይቀራል።

የአልሙ ዘዴ ናልጎንዳ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከዚችው ስም ካላት የህንድ ከተማ ነው። ታንዛኒያ ውስጥ በቤት ደረጃ የተሠራበት መጠን ለ20 ሊትር ባልዲ 13 ግራም ያህል አልም ከ6 እስከ 7 ግራም ኖራ ጋር ነው። አንድ ደቂቃ በፍጥነት፣ አምስት ደቂቃ በዝግታ ይማሰላል፣ አንድ ሰዓት ያርፋል፣ የጠራው ከላይ በቧንቧ ይቀዳል። 12.5 ገደማ የነበረውን ወደ 2 ያወርዳል፤ ትልቅ ለውጥ ቢሆንም አሁንም ከ1.5 በላይ ነው። ዝቃጩ ፍሎራይዱን ይዟል፤ ከከብት ርቆ ይቀበር።

ከሐይቅ የሚቀዳው

የሐይቁ ውሃ ችግሩ ጀርም፣ ድፍርስነትና ቢልሃርዝያ ነው። ደምበል ጥልቀቱ ጥቂት ስለሆነ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ደለሉ ይነሣል። ደለል ክሎሪንን ይበላል፤ ድፍርስ ውሃ ላይ በረኪና ማድረግ ግማሹን ለጭቃው መስጠት ነው። ውሃው በባልዲ ተከድኖ ይደር፤ ጠዋት ዝቃጩን ሳይነኩ በአራት በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ ይጥለል። ከዚያ ሽታና ቀለም ያልተጨመረበት 5 በመቶ በረኪና ለ20 ሊትር 1 ሚሊ ሊትር፣ አሁንም ደፈርስ ካለ 2 ሚሊ ሊትር ይጨመርና ይነቅነቅ፣ 30 ደቂቃ ይቆይ። ከፋርማሲ የሚገዛ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ለመለካት ይበቃል። የሃይላንድ ክዳን ሙሉ ግን እጅግ ብዙ ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ለስለስ ያለ የክሎሪን ሽታ ከሌለው መጠኑ አንሷልና ይደገም። በረኪና ሲቆይ ይደክማል፤ ፀሐይ ላይ የከረመውን አትመኑት። ውሃ አጋር ወይም ሌላ የተዘጋጀ ምርት ካገኛችሁ በልጥፉ ላይ ያለውን መጠን ተከተሉ። ክሎሪን የገባበት ውሃ እንስራ ውስጥ አይገልበጥ፤ ሸክላው ክሎሪኑን ቶሎ ያጠፋዋል።

ለማፍላት የመረጠ ሰው ከተንተከተከ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። ዝዋይ ከባሕር ወለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ በ95 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ያ ጀርም ለመግደል ከበቂ በላይ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ላለ ግን ሦስት ደቂቃ ይባላል። ሃያ ደቂቃ ማንተክተክ ከሰል ማባከን ነው።

ቢልሃርዝያ በውሃ ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ የሚራባ ጥገኛ ትል የሚያመጣው በሽታ ነው፤ የሚይዘውም በቆዳ በኩል ነው። ማለትም የሚያሰጋው የምትጠጡት ውሃ ብቻ ሳይሆን ስትቀዱ እግራችሁን የነከራችሁበትም ነው። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው እጭ በብዛት የሚገኘው ፀሐይ በበረታችበት እኩለ ቀን ነው፤ ጠዋት መቅዳት ይሻላል፣ ሙሉ ዋስትና ግን አይደለም። የጎማ ቦት ወይም እስከ ጥልቁ የሚዘልቅ የእንጨት መረማመጃ ያስፈልጋል። እጩ በሁለት ቀን ውስጥ ይሞታልና ለገላ መታጠቢያ የሚሆን ውሃ ቀንድ አውጣ በሌለበት ዕቃ ተከድኖ 48 ሰዓት ቢቆይ ይበቃል።

ውሃው ላይ አረንጓዴ ቀለም የተደፋ የሚመስል ሽፋን ሲታይ ከዚያ ቦታ አይቀዳም፤ አይፈላም፣ ክሎሪን አይደረግበትም። ሲፈላ የአልጌው ሕዋስ ይፈነዳና መርዙን ይለቃል። ነፋስ ሽፋኑን ወደ አንድ ዳርቻ ስለሚገፋው ራቅ ካለና ጥልቅ ከሆነ ቦታ ወይም ከሌላ ምንጭ ይቀዳ። ከብትም ከዚያ አይጠጣ።

ዕቃው

አትክልት አምራቹ በየአካባቢው የተባይ ኬሚካልን "መድኃኒት" ይለዋል። ቃሉ ራሱ አሳሳች ነው። የመድኃኒት ጀሪካን ለመጠጥ ውሃ አይሆንም፤ በሳሙናም፣ በአሸዋም፣ በበረኪናም ቢታጠብ አይሆንም። ኬሚካሉ ፕላስቲኩ ውስጥ ሰርጎ ስለገባ በኋላ ላይ ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይመለሳል። ባዶው ይበሳ፣ ከገበያም ይውጣ። የዘይት ቢጫ ጀሪካን በሙቅ ውሃና ሳሙና ታጥቦ ያገለግላል፤ ውስጡ አረንጓዴ ሲይዝ እፍኝ ደቃቅ ጠጠርና ጥቂት ውሃ ጨምሮ በኃይል መነቅነቅ ነው። ከባልዲ በጣሳ እየጨለፉ መጠጣት የጽዳቱን ሥራ ሁሉ ያፈርሳል፤ ቧንቧ ያለው ዕቃ ወይም አንገተ ጠባብ ጀሪካን ይሻላል።

በረኪናና ላምባ በሃይላንድ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አይቀመጡ። ልጅ የሚያውቀው ጠርሙሱን እንጂ ውስጡን አይደለም። ከጠጣ አታስመልሱት፤ ላምባ ሲመለስ ወደ ሳንባ ይገባል፣ በረኪና ደግሞ ጉሮሮውን ሁለተኛ ያቃጥለዋል። አፉን አጥባችሁ ጠርሙሱን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር መቀላቀልም የክሎሪን ጋዝ ያወጣል።

ጉድጓዱ ራሱ

ሽንት ቤቱ ከጉድጓዱ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከጉድጓዱም በታች በኩል ይሁን። ሐይቅ ዳር የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ ስለሆነ ክረምት ላይ የሽንት ቤቱ ወለል ውሃው ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ እንዲህ ያለ ቦታ ጥልቅ ከመቆፈር ከፍ አድርጎ መሥራት ይሻላል። የጉድጓዱ አፍ ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ በኮንክሪት ይከበብ፣ ሕፃን የማያነሣው ክዳን ይደረግበት።

ጎርፍ ገብቶበት ከሆነ መጀመሪያ ይቀዳና ድፍርሱ ይውጣ፤ ከዚያ በ1,000 ሊትር 1 ሊትር የ5 በመቶ በረኪና ይጨመርበት። ስፋቱ 1 ሜትር፣ የውሃው ጥልቀት 3 ሜትር የሆነ ጉድጓድ 2,360 ሊትር ያህል ስላለው ሁለት ሊትር ተኩል ገደማ ይበቃዋል። 12 ሰዓት ቆይቶ የክሎሪኑ ሽታ እስኪጠፋ ይቀዳል፤ የሚቀዳው ወደ ሐይቁም ወደ አትክልቱም አይፍሰስ። ሮቶም በዚሁ መጠን ይታጠባል።

ሰው በፍጥነት የሚገድለው ግን በውሃው ውስጥ ያለው ነገር አይደለም። የቤንዚን ፓምፕ ከላይ ሆኖ ውሃ የሚስበው በዚህ ከፍታ 6 ሜትር ገደማ ድረስ ነው። በበጋ ውሃው ከዚያ በታች ሲወርድ ፓምፑ ይንኮራፋል፣ አይስብም። ያኔ ሞተሩን በገመድ ወደ ጉድጓዱ ማውረድ ይታሰባል። ጭሱ መውጫ የለውም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞላል። ሞተሩን ሊያጠፋ የሚወርደው ይወድቃል፣ እሱን ሊያወጣ የሚወርደውም ይከተለዋል። ሻማ አውርዶ መፈተን እዚህ አይጠቅምም፤ ሰው የሚገድል ካርቦን ሞኖክሳይድ ባለበት ሻማ ይበራል። ሞተር ከቶ አይወርድም፤ ውሃው ከራቀ በመብራት ወይም በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ጠልቆ የሚገባ ፓምፕ፣ ካልሆነም የገመድ ፓምፕ ነው የሚያስፈልገው። የመብራቱ ፓምፕ ደግሞ ኧርዝ ይኑረው፣ 30 ሚሊ አምፒር ሲያፈስ የሚቆርጥ ብሬከርም ይገጠምለት፤ የሽቦው ቅጥያ በፕላስተር ተጠቅልሎ ውሃ ውስጥ አይግባ።

ያው ጋዝ ማታ ቤት ውስጥም አለ። ሐምሌ ላይ ብርድ ሲሆን ቡና የተፈላበትን የከሰል ምድጃ መኝታ ክፍል ይዞ መግባት የተለመደ ነው፤ "ጭሱ አልቋል፣ ፍሙ ብቻ ነው የቀረው" ይባላል። ጭስ የሌለው ፍም ነው ይበልጥ የሚያሳስበው፤ አይታይም፣ አይሸትም። ጠዋት ቤተሰቡ ሁሉ ራሱን እያመመውና እያቅለሸለሸው ከተነሣ የማታውን እራት ወይም ውሃውን ከመወንጀል በፊት ምድጃው የት እንዳደረ ይታይ። ከመተኛት በፊት ምድጃው ደጅ ይውጣ፤ ልጆች እንዳይደርሱበት ከፍ ያለ ነገር ላይ፣ ከሮቶው ፕላስቲክም ራቅ ብሎ ይቀመጥ።